ሲሚንቶ የጠጣውን ውሃ የት ያደርሰዋል?

100 ግራም ሲሚንቶ በ40 ግራም ውሃ አቡኩ። ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ጨምሩትና አፉን በላስቲክ ጥርቅም አድርጋችሁ አሽጉት። ሚዛን ላይ አስቀምጡና ክብደቱን ጻፉ። ከ28 ቀን በኋላ መልሳችሁ መዝኑት። ያው ነው። እሽጉ ካልተላቀቀ ክብደቱ ንቅንቅ አይልም። ኩባያውን ቀዳችሁ ስታወጡት ግን እጃችሁ ላይ ያለው ድንጋይ ነው። ለመስበር መዶሻ ይፈልጋል። የሚንጠባጠብ ውሃም የለበትም።

እና 40 ግራሙ ውሃ የት ገባ?

ጥያቄው የላብራቶሪ ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። የአርማታ ጥንካሬ፣ የሶሌታ ስንጥቅ፣ ግድግዳ ላይ የሚወጣው ጨው፣ የፌሮ ዝገት፣ የቀለም መላጥ፣ ሁሉም ወደዚሁ ጥያቄ ይመለሳሉ። አዳማ ላይ ደግሞ ጉዳዩ በየሰፈሩ አለ። ከተማው ግንባታ አያቋርጥም፤ ነፋሱም አያቋርጥም። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር እመጣበታለሁ።

ብዙ ሰው ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ይመስለዋል። ለጭቃ ቤት ይህ እውነት ነው። ሲሚንቶ ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የሚጠነክረው ውሃውን ይዞ ስለሚያስቀረው ነው። ለዚህም ነው ውሃ ውስጥ ሆኖም የሚጠነክረው። ከአዳማ ብዙም የማይርቀው የቆቃ ግድብ በ1960 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ጀምሮ አንድ ጎኑ ውሃ ተደግፎበት ነው የኖረው። ኮንክሪቱ በዚህ ምክንያት አልሟሟም።

ከዱቄቱ እንነሳ። ሲሚንቶ የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተቃጥለው፣ ከዚያ ትንሽ ጂፕሰም ተጨምሮባቸው የተፈጩ ናቸው። በዚያ ሙቀት አዳዲስ ማዕድናት ይፈጠራሉ። ዋነኞቹ ሁለት ካልሲየም ሲሊኬቶች ናቸው፤ ከቃጠሎው ከሚወጣው ውስጥ ሦስት አራተኛ ገደማውን እነሱ ይይዛሉ። እነዚህ ማዕድናት ውሃ እስኪያገኙ ድረስ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። መጋዘን ውስጥ እርጥበት የነካው ኩንታል ለምን ጓል እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው፣ ውሃ ሲያገኙ ምን እንደሚያደርጉ ግማሹን አውቆታል።

ውሃ ሲነካቸው ከላያቸው መሟሟት ይጀምራሉ። ውሃው በካልሲየምና በሲሊካ ይጠግባል። ሲጠግብ ደግሞ አዲስ ጠጣር ነገር ያወጣል። ይህ አዲስ ነገር ከድሮው ዱቄት ጋር አንድ አይደለም። ውሃን በአካሉ ውስጥ የያዘ ነው።

ከሚፈጠሩት ውስጥ ዋናው ካልሲየም ሲሊኬት ሃይድሬት ይባላል። ስሙ ስለሚረዝም ባለሙያዎቹ ሲ-ኤስ-ኤች እያሉ ያሳጥሩታል። ከጠነከረው ሊጥ፣ ማለትም በውሃ ከቦካው ሲሚንቶ፣ ጠጣር ክፍል ግማሹንና ከዚያ በላይ የሚይዘው እሱ ነው። ጠጠሩንና አሸዋውን አጣብቆ የሚይዘውም በዋነኛነት እሱ ነው። ቅንጣቶቹ የጥቂት ናኖ ሜትር ውፍረት ብቻ አላቸው። አንድ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ከትንሽነታቸው የተነሳ ቅንጣቶቹ በጋራ ያላቸው የገጽ ስፋት ለማመን ይከብዳል። በውሃ ትነት ሲለካ የአንድ ግራም ገጽ 200 ካሬ ሜትር አካባቢ ይመጣል። በኛ አነጋገር ሁለት መቶ ካሬ ቦታ፣ ቤትና ግቢ የሚወጣው፣ በአንድ ግራም ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል ማለት ነው። ውሃ ደግሞ ገጽ ይወዳል። እየተለጠፈ ይቀራል።

ሁለተኛው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ኖራ ውሃ ሲጠጣ የሚሆነው ያው ነገር ነው። ከጠጣሩ 20 እስከ 25 በመቶ ይሆናል። ይህኛው ባለ ስድስት ማዕዘን ጠፍጣፋ ክሪስታል እየሠራ ያድጋል። ለጥንካሬ ብዙም አይረዳም። ነገር ግን የሊጡን ፒኤች (የአሲድነት ተቃራኒ ሲበዛ ከፍ የሚል መለኪያ ነው) 12.5 አካባቢ አድርጎ ይይዛል፤ ፌሮው እንዳይዝግ የሚጠብቀው ይህ ነው። ስለዚህ አትናቁት።

ሦስተኛው ኤትሪንጋይት የሚባል መርፌ መርፌ የሚመስል ክሪስታል ነው። የሚፈጠረው ከአሉሚኒየም ያዡ ማዕድንና ከጂፕሰሙ ነው። ጂፕሰሙ ባይኖር ሲሚንቶው ገና ሚክሰር ውስጥ እያለ ቆርፍዶ ይቀር ነበር። ስለ ኤትሪንጋይት ከሚነገረው ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። አንዱ ሞለኪውል 32 የውሃ ሞለኪውል ይዟል። ከክብደቱ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ውሃ ነው። ቢሆንም ጠጣር ነው፤ በእጅ ብትይዙት ደረቅ ነው። ውሃ ክሪስታል ውስጥ ገብቶ ከተቆለፈ በኋላ ውሃነቱ የለም።

ከነዚህ በተጨማሪ ያልተነካ የሲሚንቶ እምብርት ይቀራል። ትልልቆቹ የዱቄት ቅንጣቶች ከላያቸው በአዲሱ ነገር ይሸፈናሉ። ከዚያ በኋላ ውሃ ወደ ውስጥ የሚደርሰው በጭንቅ ነው። የዓመታት ዕድሜ ያለው ኮንክሪት ተሰብሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ገና ውሃ ያላገኘ ሲሚንቶ መሃሉ ላይ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ይህ ሁሉ የታወቀው በአንድ ቀን አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳዊው ለ ሻተሊዬ ሲሚንቶ የሚጠነክረው ክሪስታሎች እርስ በርስ ስለሚጠላለፉ ነው አለ። ጀርመናዊው ሚካኤሊስ በበኩሉ አይደለም፣ ጄል ነው፣ ውሃ የያዘ እንደ ሙጫ ያለ ነገር ነው አለ። ክርክሩ ለረጅም ጊዜ ቀጠለ። አሁን ሲታይ ሁለቱም አንዳንድ እውነት ይዘው ነበር። ነገሩን በሚዛንና በቁጥር ያስቀመጡት ግን አሜሪካ፣ ቺካጎ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ፓወርስና ብራውንያርድ ናቸው፤ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ.። ከዚህ በታች የምጠቀምባቸው ቁጥሮች በብዛት ከነሱ ሥራ የመጡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፣ ተከራክረውበታል፤ ሂሳባቸው ግን እስካሁን ይሠራል።

አሁን ወደ ውሃው። የጠነከረ ሊጥ ወስዳችሁ ፍጩትና 105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አስገቡት። ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ አቆዩት። የጠፋው ክብደት ሊተን የሚችለው ውሃ ነው። ቀጥላችሁ እስከ 1,000 ዲግሪ አሙቁት። እንደገና ይቀንሳል። ይህ ሁለተኛው ከጠጣሩ ጋር በኬሚካል የታሰረው ውሃ ነው። ሲሚንቶው ሙሉ በሙሉ ከውሃ ጋር ከተዋሃደ፣ ለ100 ግራም ሲሚንቶ 23 ግራም ያህል ውሃ በዚህ መንገድ ታስሮ ይገኛል። ይህ ውሃ ሊፈታ የሚችለው ሕንጻው ሲቃጠል ነው። በፀሐይ አይወጣም።

ከሚተነው ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በሲ-ኤስ-ኤች ቅንጣቶች መካከል ባሉት እጅግ ጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ነው፤ የጄል ውሃ ይባላል። ቀዳዳዎቹ ሁለት ሦስት ናኖ ሜትር ስፋት ቢኖራቸው ነው። አንድ የውሃ ሞለኪውል ራሱ ሲሶ ናኖ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ እዚያ ውስጥ የሚሰለፉት ጥቂት ሞለኪውሎች ናቸው። ገጹ አጥብቆ ስለሚይዛቸው እንደልባቸው አይሄዱም። ከሲሚንቶ ጋር ለሚደረገው ውህደትም አይውሉም። ለ100 ግራም ሲሚንቶ ይህ 19 ግራም ያህል ነው። ሁለተኛው የካፒላሪ ውሃ ነው። ይህኛው ነፃ ነው። ዱቄቱ ከውሃ ጋር ሲቀላቀል በቅንጣቶች መካከል የነበረው፣ ግን አዲሱ ጠጣር ነገር ደርሶ ያልሞላው ቦታ ላይ የቀረ ውሃ ነው። ቀዳዳዎቹም ከጄሉ በብዙ እጥፍ ይሰፋሉ፤ ከ10 ናኖ ሜትር ተነስተው እስከ ጥቂት ማይክሮ ሜትር ይደርሳሉ። ለኔ የዚህ ሁሉ ጉዳይ ዋና ተከሳሽ ይህ ቀዳዳ ነው።

ልክ እንደዚህ ሦስት ቦታ የተከፈለ እንዳይመስላችሁ። 105 ዲግሪ የሰው ልጅ ያሰመረው መስመር ነው። ኤትሪንጋይት ከዚያ በታችም የተወሰነ ውሃውን ይለቃል። ካናዳ ውስጥ ፌልድማንና ሴሬዳ በ1968 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ ደግሞ ሲ-ኤስ-ኤች ንብርብር ነው፣ በንብርብሮቹ መሃልም ውሃ አለ የሚል ነው። ያ ውሃ በብዛት መውጣት የሚጀምረው የአየሩ እርጥበት ከ11 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። የአዳማ በጋ የቱንም ያህል ደረቅ ቢሆን እዚያ አይደርስም። ስለዚህ እኛ ዘንድ በነፋስና በፀሐይ የሚወጣው በመጀመሪያ የካፒላሪው፣ ቀጥሎም የጄሉ ከፊል ነው።

እስቲ ሂሳቡን በአንድ ከረጢት እንሥራው። 50 ኪሎ ሲሚንቶ፣ ኦፒሲ የሚባለው፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያልተቀላቀለበት ተራው። ዱቄቱ በመሃሉ አየር ሳይቆጠር የሚይዘው ቦታ 16 ሊትር ገደማ ነው። ሙሉ በሙሉ ተዋህዶ ሲያበቃ፣ የተፈጠረው አዲስ ነገር በሙሉ፣ ጄል እንበለው፣ ከነጠባብ ቀዳዳዎቹ 34 ሊትር ያህል ይሆናል። ከእጥፍ ትንሽ ይበልጣል፤ ከዚያ በላይ ማደግ አይችልም። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ሁሉ ነገር እሱ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

አሁን 25 ሊትር ውሃ ጨመርን እንበል። አንድ ሙሉ ቢጫ ጀሪካንና ሌላ 5 ሊትር ማለት ነው። ሲሚንቶና ውሃው አንድ ላይ 41 ሊትር ገደማ ቦታ ይዘዋል። ጄሉ የሚሞላው 34ቱን ነው። 7 ሊትር ሳይሞላ ቀረ። ከ25 ሊትሩ ውሃ አሥራ አንድ ተኩሉ በኬሚካል ታሰረ፣ ዘጠኝ ተኩሉ ጄሉ ውስጥ ተለጠፈ፣ 4 ሊትሩ ካፒላሪ ውስጥ ነፃ ሆኖ ቀረ። ሰባት ሊትር ባዶ ቦታ ውስጥ አራት ሊትር ውሃ ብቻ ከሆነ፣ የቀረውስ ሦስት ሊትር? ባዶ ነው። በኬሚካል የታሰረ ውሃ ነፃ ከነበረበት ጊዜ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ሊጡ ከውስጥ ይጎድላል። ኮንክሪት ላዩ ላይ ውሃ ሲያገኝ የሚመጠው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ያው ከረጢት ላይ 35 ሊትር ብናደርግስ? ሁለት ጀሪካን ሊሞላ 5 ሊትር የቀረው። ጠቅላላው ቦታ 51 ሊትር ሆነ። ጄሉ ግን ያው 34 ሊትር ነው፤ ሲሚንቶ አልጨመርንማ። 17 ሊትር ሳይሞላ ቀረ። ከሊጡ አንድ ሦስተኛው ቀዳዳ ነው ማለት ነው። ቀዳዳ ደግሞ ሸክም አይሸከምም። ፓወርስ ጥንካሬ ጄሉ ከያዘው የቦታ ድርሻ ጋር በኩብ (ድርሻው ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ) እንደሚሄድ አሳይቷል። ሂሳቡን ስትሠሩት ከ25 ወደ 35 ሊትር መሄድ የሊጡን ጥንካሬ ወደ ግማሽ ያወርደዋል። አሥር ሊትር ውሃ! ዋጋው ምንም ነው፤ ያፈረሰው ግን የከረጢቱን ግማሽ ነው።

አስገራሚው ነገር ያ ትርፍ ውሃ በኋላ ቢተንም ምንም አይስተካከልም። ቦታው ተይዞ ነበርና ቦታው ይቀራል። ውሃው የሄደበት ቀዳዳ ሆኖ።

ሳይቱ ላይ ያለውን ንግግር ሁላችንም እናውቀዋለን።

«ጋሼ፣ ወፍሯል፤ ትንሽ ውሃ ልጨምርበት?»

«ጨምርበት፣ ጨምርበት። ቪብሬተሩ አልገባ አለ እኮ።»

ሁለቱም ሞኞች አይደሉም። የወፈረ ኮንክሪት በፌሮ መሃል አይገባም፣ ሳይሞላ ይቀራል፣ ፎርሙ ሲነሳ ጠጠሩ ያፈጥጣል። እሱም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ለውህደቱ 21 ሊትር (አሥራ አንድ ተኩሉ የሚታሰረው፣ ዘጠኝ ተኩሉ የጄሉ) ይበቃው የነበረው ከረጢት ብዙ ጊዜ 25 እና 27 ሊትር የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለመሥራት እንዲመች። ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ ግን መድኃኒቱ ውሃ አይደለም። ወይ ሲሚንቶውም አብሮ ይጨመራል፣ ወይ ውሃ ሳይጨምር የሚያላላ አድሚክስቸር ይገባል። በነገራችን ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው የአሸዋውን ውሃ ነው። ዝናብ የመታው አሸዋ 5 በመቶ እርጥበት ቢኖረው፣ 100 ኪሎ አሸዋ ሳይታወቅ 5 ሊትር ውሃ ይዞ ሚክሰር ገባ ማለት ነው። ክረምትና በጋ አንድ ዓይነት ጀሪካን እየቆጠሩ መደባለቅ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ደረቅ ፑሚስና ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ደግሞ ተቃራኒ ናቸው፤ ከሊጡ ውሃ ይመጣሉ። ብሎኬት የሚያመርቱ ሰዎች ቀድመው የሚያረጥቡት በከንቱ አይደለም።

ውሃ ማነስስ? ከ21 ሊትር በታች ቢወርድ ሁሉም ሲሚንቶ አይዋሃድም። የተረፈው ግን አይጎዳም። ያልተዋሃደው እምብርት ራሱ ጠንካራ ጠጠር ሆኖ መሃል ላይ ይቀመጣል። እጅግ ጠንካራ የሚባሉት ኮንክሪቶች ሆን ተብለው በዚህ መንገድ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ በጥንካሬ በኩል ፍርሃቱ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ነው፤ በትርፉ በኩል።

ጥንካሬ ብቻ አይደለም ደግሞ። ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ተገናኝተዋል ወይስ ተዘግተዋል የሚለው ከብዛታቸው ባልተናነሰ ወሳኝ ነው። ጄሉ እያደገ ሲሄድ ካፒላሪዎቹን ይቆራርጣል። አንዴ ከተቆራረጡ ውሃ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው በጠባቡ ጄል በኩል ብቻ ነው። ያ ደግሞ እጅግ አዝጋሚ ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ፓወርስና ባልደረቦቹ ይህ እስኪሆን ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ አስቀምጠዋል። ሊጡ እርጥብ ሆኖ ከቆየ፣ ለ50 ኪሎ 20 ሊትር ውሃ ከሆነ 3 ቀን ይበቃል። 25 ሊትር ከሆነ 14 ቀን። 30 ሊትር ሲደርስ 6 ወር። 35 ሊትር ላይ አንድ ዓመት። ከዚያ ካለፈ በጭራሽ አይዘጋም፤ ጄሉ ቦታውን ለመሙላት አይበቃማ። የሻወር ቤት ወለል ወይም የውሃ ጋን የሚያሠራ ሰው ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ቢያስታውስ ይህን ቁጥር ያስታውስ።

«እርጥብ ሆኖ ከቆየ» የሚለውን አትዝለሉት። የአዳማ ነፋስ ጉዳይ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው።

ከተማው ዙሪያ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች ያለ ነገር አልቆሙም። አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ነፋሱ የማይታጣ ስለሆነ ነው። ያው ነፋስ ትናንት የተሞላ ሶሌታ ላይም ያልፋል። ከኮንክሪት ላይ በሰዓት በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ያህል ውሃ ከተነነ፣ ከታች ወደ ላይ የሚመጣው ውሃ ሊተካው አይችልም። ባለሙያዎች ይህን የአደጋ መስመር አድርገው ይወስዱታል። በ100 ካሬ ሶሌታ ላይ በሰዓት አምስት ጀሪካን ማለት ነው። ያኔ ገና ያልጠነከረው ገጽ ይሰነጠቃል። ጠዋት ተሞልቶ ከሰዓት በኋላ ጎን ለጎን የተሰመሩ የሚመስሉ ስንጥቆች ካያችሁ፣ መሠረቱ ሰጥሞ አይደለም። ነፋስ ነው።

የማይታየው ጉዳት ግን ይብሳል። በሊጡ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ80 በመቶ አካባቢ በታች ሲወርድ ውህደቱ ይቆማል ለማለት ይቻላል። ካፒላሪው ደርቆ ሲሚንቶው ውሃ አጣ። ጄሉ ማደጉን አቆመ፤ ቀዳዳው እንደተከፈተ ቀረ። ይህ መጀመሪያ የሚደርሰው የላይኛው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ፌሮውን የሚሸፍነው ደግሞ እሱ ነው! መሃሉ ደህና ሊሆን ይችላል። ከኮንክሪቱ ተወስዶ ለሙከራ የተሞላው ኩብ ተፈትኖ ሲ-25 የሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ቢወጣም፣ ኩቡ ውሃ ጋን ውስጥ ተዘፍዝፎ ነው የጠነከረው። ሶሌታው ደግሞ ነፋስ ላይ። ኩቡ ስለ ሶሌታው ቆዳ ምንም አይነግራችሁም።

ለዚህ ነው ውሃ ማጠጣት የይስሙላ ሥራ ሊሆን የማይገባው። ጠዋት በጎማ ረጨት ረጨት አድርጎ መሄድ አዳማ ላይ እስከ ረፋድ አይቆይም። ከዚያ መድረቅ፣ ማታ እንደገና መርጠብ። ጆንያ አንጥፎ ጆንያውን ማርጠብ፣ በላዩም ላስቲክ መሸፈን ይሻላል። ሶሌታ ከሆነ ዳር ዳሩን በሞርታር ከልሎ ውሃ ማቆር ከሁሉም ይበልጣል። ቋሚ ላይ ውሃ አይቆምም፤ እዚያ ፎርሙን ቶሎ አለማንሳት፣ ካነሱትም በጆንያ መጠቅለል ነው። ቢያንስ 7 ቀን። የገዛችሁት ፒፒሲ፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ፣ ከሆነ ወደ 14 ብታስጠጉት ይመረጣል፤ ምክንያት አለው።

ፒፒሲ ውስጥ ከክሊንከሩ፣ ማለትም ከቃጠሎው ከሚወጣው ነገር፣ ከፊሉ ተቀንሶ በፑሚስ ወይም በመሰለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተተክቷል። የኛ ስምጥ ሸለቆ የሞላው ነገር ነው። ይህ ድንጋይ ብቻውን ከውሃ ጋር አይጠነክርም። ነገር ግን ቀደም ብዬ ያልኳችሁን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሲያገኝ ይበላውና ተጨማሪ ሲ-ኤስ-ኤች ያደርገዋል። ደካማውን ክሪስታል ወደ ሙጫው መለወጥ ነው። ውጤቱ ቀዳዳው የጠበበ፣ ውሃ የማያሳልፍ ሊጥ ነው። ችግሩ ይህ ሁለተኛ ሥራ አዝጋሚ መሆኑ ነው። በሳምንታት ነው የሚካሄደው። ውሃ ካጣ ደግሞ አይካሄድም። በሦስተኛው ቀን ውሃ የተከለከለ ፒፒሲ ያላለቀ ሥራ ነው። «ፒፒሲ ደካማ ነው» የሚባለውን ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ቀን ውሃ ጠጣ ብዬ ነው።

ሊጡ ጠንክሮ፣ ጊዜውን ጨርሶ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ያለ ውሃ ሲጎድል፣ የቀረው ውሃ ግድግዳዎቹን ወደ ውስጥ ይስባል። ቀዳዳው በጠበበ መጠን መሳቡ ይበረታል። ሁሉም ቀዳዳ አንድ ላይ ሲስብ ወለሉ በጠቅላላ ትንሽ ይቀንሳል። ሰፊ ወለል ያለ መገጣጠሚያ ሲሞላ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። መልሶ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ግን ሙሉ በሙሉ ወደነበረበት አይመለስም።

ግድግዳው ላይ የሚወጣው ነጭ ነገርም የዚሁ ውሃ ሥራ ነው። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ውሃ ውስጥ ጥቂት ይሟሟል። ውሃው በካፒላሪ ወጥቶ ገጽ ላይ ሲተን ተሸክሞት የመጣውን እዚያ ይጥላል። ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲዋሃድ ወደ ነጭ ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጣል። ከመሠረት የሚመጣ ከሆነ ግን የአፈሩ ጨው ነው፤ ያ ሌላ በሽታ ነው፤ ብትጠርጉት ይመለሳል።

ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በዚያው ቀዳዳ ወደ ውስጥም ይገባል። ውስጥ ያለውን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ እየበላ ፒኤቹን ከ9 በታች ያወርደዋል። ይህ መስመር ፌሮው ጋ ሲደርስ የፌሮው ጥበቃ ያበቃል፤ እርጥበት ካገኘ ይዝጋል፣ ዝገቱ ያብጣል፣ ሽፋኑን ገንጥሎ ይጥለዋል። ጋዙ በፍጥነት የሚገባው እርጥበቱ ከ50 እስከ 70 በመቶ ሲሆን ነው። ውሃ የሞላበት ቀዳዳ ጋዝ አያሳልፍም፤ ፍጹም በደረቀው ደግሞ ለውህደቱ ውሃ የለም። ከውሃ በታች ያለ ኮንክሪት በዚህ በኩል ሰላም ሲሆን በረንዳችሁ ሰላም የማያገኘው ለዚህ ነው።

ልስኑ ካለቀ በኋላ ቀለም መቼ ይቀባ የሚል ጥያቄም ይመጣል። ልስን በእጅ ሲነካ ደርቆ ካፒላሪው ግን ገና ውሃ ሊኖረው ይችላል። ያ ውሃ ከፍ ያለ ፒኤች አለው፤ ዘይት ቀለምን ያበላሻል፣ መውጫ ሲያጣም ቀለሙን ያሳብጠዋል። ከመቀባታችሁ በፊት ወደ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ወስዳችሁ አራቱንም ጎን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፉ። 16 ሰዓት ያህል፣ ማለትም ከከሰዓት በኋላ እስከ ማግስቱ ጠዋት ተዉት። ስታነሱት ከውስጥ በኩል ጤዛ ከያዘ ወይም ግድግዳው ከአካባቢው ጠቆር ካለ፣ ቀለሙን ለጊዜው አስቀምጡትና ከሳምንት በኋላ ላስቲኩን እንደገና ለጥፉ።